ለዓሣ አጥማጁ የተሰፋ ሸሚዝ

ልብስ ሰፊዋ ካገባች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባሏ ቤት ያደረበት ቀን ተለቃቅሞ ቢደመር ግን የዚያን ሩብ መሙላቱን እንጃ። ሰውዬው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከከተማ ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ ከተማ ሲመላለስ፣ ቤት የሚመጣው ልብሱን ሊያሳጥብ፣ ፀጉሩን ሊስተካከልና ልጁ ምን ያህል እንደረዘመች አይቶ ሊደነቅ ነበር ማለት ይቻላል። ጓደኞቹ «አንደኛ ማርሽ» ይሉታል። ዳገት ላይ ቀርቶ ሜዳ ላይም ስለማይቸኩል ያወጡለት ስም ነው። እሱም አልጠላውም፤ ስንቱ ችኩል መንገድ ላይ ሲቀር እሱ ለጡረታ በቅቷል።

ታዲያ ትዳሩ በምን ቆመ ቢባል፣ በስልክ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናውን ጥግ ያስይዝና ይደውላል። ያኔ ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ የሚደውለው መንገዱ ዳር ወዳለው ፋርማሲ ነበር። እሷም ሥራዋን ጥላ፣ ቁራጭ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ፣ ሳል የያዛቸው ሰዎች መሀል ቆማ ትጠብቃለች። ኋላ የቤት ስልክ ገባ፤ ከዚያም ሞባይል መጣ። ዕቃው ተቀያየረ እንጂ ሰዓቱ አልተቀየረም።

በስልክ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። ፊት ለፊት ሲሆን ቃል በማንኪያ ተሰፍሮ የተሰጠው የሚመስል ሰውዬ፣ ጆሮዋ ላይ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። ቤት ውስጥ «ስሚማ» የሚላት ሰው «የኔ እመቤት» ብሎ ይጀምርና ያየውን ሁሉ ያዘንብላታል። ልጇን አስከትላ መንገድ የምታቋርጥ ዝሆን፣ ገላዋን ልትታጠብ የውኃውን ሙቀት በእግሯ እንደምትለካ ሴት አስፋልቱን ነካ አድርጋ ስትሞክረው፤ ቀጭኔ አንገቷን ቁልቁል ሰድዳ በጋቢናው መስኮት ስታየው። ልብስ ሰፊዋ ከከተማዋ ወጥታ ባታውቅም ዱሩን ሁሉ አዳርሳዋለች፤ ባሏ በጆሮዋ አዙሯታል።

ከሁሉም የምትወደው ግን የባሕሩን ወሬ ነበር። ወደብ በደረሰ ቁጥር ስለ ባሕሩ ያወራላታል፤ ባሕሩ ዳር ደግሞ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አለ። ሽማግሌው ውኃ የሚፈራ አንድ ዓይና ውሻ አለው። ጀልባው ዘወትር ስለምታፈስ ዓሣ ከማጥመድ ይልቅ ከውስጧ ውኃ ሲጨልፍ ይውላል። ከሟች ሚስቱ ወንድም ጋር በአንድ መረብ የተነሳ ተኮራርፎ፣ ታርቆ፣ እንደገና ተኮራርፏል። ልብስ ሰፊዋ የዚህን ሰው ነገር እንደ ዘመድ ነገር ትከታተል ነበር። «ታረቁ?» ትላለች። «ሰላም በልልኝ» ትላለች። አንድ ቀን ሸሚዙ ከጀርባው በመንጠቆ ተቀደደ ሲላት አላስቻላትም። «ልኩን አምጣልኝ» አለችው። በማግስቱ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን በስልክ አስጻፋት። ዓሣ አጥማጅ ኪሱ ይበዛል ብላ ባለ ሁለት የደረት ኪስ፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ ሰፋችለትና ላከችው። «ልክክ አለለት» ብሎ ሲነግራት ያን ሰሞን እያንጎራጎረች ሰፋች።

አሁን ባሏ ጡረታ ወጥቷል። ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ክምሯን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ወንበር አስቀመጠችለት። እሷ ስትሰፋ እሱ ሲያወራላት ቀኑ ይመሻል ብላ ነበር ያሰበችው። ሰውዬው ግን ወንበሩ ላይ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ሬድዮ ለመክፈት ያስፈቅዳል። ውኃ ሲጠማው «ከየት ልቅዳ?» ይላል። በገዛ ቤቱ! ሆድ ባሳት፤ ግን ምን ትበለው? አውራ ተብሎ አይታዘዝ።

ይህ ሳያንስ የጡረታው ስንብት ግብዣ ዕለት የሰማችው ነገር አለ። የከባድ መኪናው ባለቤት ከአባቱ ድርጅቱን የወረሰ ጎልማሳ ነው። ብርጭቆ ስትሰበስብ ባሏን ጥግ ይዞ «ጋሼ፣ የወደቡን መስመር ለማን ልስጠው? ጡረታው ወረቀት ነው፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቅዎታል» ሲለው ጆሮዋ ጥልቅ አለ። «ለሽርሽር ይሂዱና ይመለሱ። የመጨረሻው ቀን ማታ እደውላለሁ፤ እሺ ወይም እምቢ ይበሉኝ።» ባሏ «ላስብበት» አለ። እሺ ቢል በተሻላት። ምኑ ነው የሚታሰበው? እኔ ነኝ የምታሰበው? አለች በሆዷ። ለእሷ ደግሞ ትንፍሽ አላለም። እስኪነግረኝ አልጠይቀውም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ሽርሽሩ የልጃቸው ሐሳብ ነበር። «እማዬ፣ አባዬ የሚያወራልሽን ሁሉ ለአንድ ጊዜ እንኳ በዓይንሽ እዪው» ብላ እሷው ጨረሰችው፤ መጀመሪያ አራዊቱ፣ ከዚያ ባሕሩ። ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ከሥር አንድ ነገር ጠቅልላ ከተተች። የድሮውን ልክ ፈልጋ አዲስ ሸሚዝ ሰፍታ ነበር። ሽማግሌው የመጀመሪያውን እስካሁን ጨርሶታል፤ በአካል ስታገኘው ባዶ እጇን ልትሄድ አትችልም።

ፓርኩ ውስጥ የተሰጣቸው መኪና ጣሪያው ወደ ላይ የሚከፈት ነው። አስጎብኚው ራሱ ይነዳል፤ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ልብስ ሰፊዋን «እናቴ»፣ ባሏን «አባቴ» እያለ ያቀብጣቸዋል። ሾፌሩ ባሏ ግን ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ በሕይወቱ የመጀመሪያው መሰለ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ የሌለ ፍሬን። በመታጠፊያው ላይ ትከሻው አብሮ ይታጠፋል። ረፋዱን ሙሉ ከአፉ የወጣው ነገር ቢኖር «ማርሽ ቀንስ» የሚል ብቻ ነው፤ እሱንም ያለው ለራሱ ነው።

ዝሆኖቹ ተገኙ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቅርንጫፍ እየሰበሩ ይበላሉ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ቆማ በጣሪያው ብቅ አለች። ትልልቅ ናቸው፤ ካሰበችው በላይ ትልልቅ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ጎደላቸው። ጥቂት ቆይታ የጎደለው ምን እንደሆነ ገባት። የሚያወራላት ሰው ነው።

«ያቺ አስፋልቱን በእግሯ የለካችው ይህን ታክል ነበር?» አለችው ጎንበስ ብላ።

«እ... አዎ፣ ታክላለች።»

«ልጇስ?»

«ልጇም እንደዚያው።»

እንደምን ያለ እንደዚያው ነው! አንበሳውም ያው ሆነ። ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ከሣሩ በላይ የሚታየው አንድ ጆሮው ብቻ ነው። አስጎብኚው የአንበሳው ጥፋት የእሱ ይመስል ይቅርታ ይጠይቃል። ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልነሳ አለ። ልብስ ሰፊዋ ዞር ስትል ባሏም አፉን ከፈት አድርጎ ተኝቷል። አንዴ አንበሳውን፣ አንዴ ባሏን አየችና ሳቋ መጣ። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚያናግራት እንጃ።

ማታ ማታ ምግብ ቤቱ ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጡት ሙሽሮች ናቸው። ስለ ምን እንደሚያወሩ አይታወቅም፤ ብቻ ያወራሉ፤ ሹካቸውን አየር ላይ ረስተው ያወራሉ። በዚህኛው ጠረጴዛ ልብስ ሰፊዋ «ሾርባው ጨው በዛበት አይደል?» ትላለች። ባሏ «ትንሽ» ይላል። የጨው ዕቃውን ወዲህ ያደርገዋል፤ ቆይቶ ወዲያ ያደርገዋል። ከዚያ «የመኪናውን ጎማ አይቼ መጣሁ» ብሎ ይነሳል። የሰው መኪና፣ የሰው ጎማ! አስጎብኚው እንኳ «አባቴ፣ አየር አንሶታል?» ብሎ መደንገጥ ጀምሯል።

አንድ ነገር ግን አስተዋለች። ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ስትወርድ፣ ያ የድሮ ሰዓታቸው ሲደርስ፣ ሁለቱም ቅብጥብጥ ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ እንደያዘችው ታወቃት። ቀና ስትል እሱም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እያየው ነው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የሰረቀ ሰው ይመስል እሱም መለሰው፣ እሷም መለሰችው። «ስንት ሰዓት ሆነ ብዬ ነው» አለ። «እኔም» አለች።

ወደ ባሕሩ በሚሄዱበት ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። አውቶቡሱ ውስጥ፣ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «ለአለቃህ ምን አልከው?» አለች።

ደነገጠ። «ሰምተሻል?»

«ጆሮ አለኝ።»

«ገና ነው» አለ።

«ምኑ ነው ገናው?»

«እያሰብኩ ነው።» ሽቅብና ቁልቁል እያለ መንገዱ አለቀ። ልትጮህበትም፣ ትከሻው ላይ ልትደገፍም ፈልጋ ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች።

ባሕሩ ከሆቴሉ በረንዳ ድንገት ተገለጠ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መጣ። ማለቂያ የለውም። ልትቆርጠው የማትችለው ጨርቅ ነው ብላ አሰበች፤ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል? ደስታዋን ልታካፍለው ዞር ስትል ባሏ የበረንዳውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከንፈሩ ተላቅቆ፣ እንደ ሐውልት ቆሟል። ስንት ዘመን አይቶት ዛሬም እንዲህ ይደነቃል አለች በልቧ፤ ለትንሽ ጊዜ ሁሉንም ይቅር አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ አልጋው ላይ የለም። በረንዳው ላይ ወጣች። ውኃው የለም። ትናንት ከአጥሩ ሥር ሲያጨበጭብ የነበረው ባሕር ርቆ ሄዶ፣ በቦታው እርጥብ አሸዋና ጭቃ፣ ጎናቸው ላይ የተኙ ጀልባዎች ብቻ ቀርተዋል። ከታች ባሏ ከሆቴሉ ጥበቃ ጋር ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ውኃው ምን ሆነ?» ይላል፤ ድምፁ ውስጥ ድንጋጤ አለ። «የሆነ ነገር ተፈጥሯል?»

ጥበቃው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሸሽቶ ነው አባት። ከሰዓት ይመለሳል።»

«ሁልጊዜ?»

«በየቀኑ። ባሕር አያውቁም እንዴ?»

ባሏ ምን እንደመለሰ አልሰማችም። ቀስ ብላ ወደ ክፍሉ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ከነከናት። ያን ሁሉ ዓመት ወደብ ሲመላለስ የኖረ ሰው ውኃው በየቀኑ እንደሚሸሽ አያውቅም? ሽማግሌው ጀልባውን የሚያወጣው መቼ ነው ታዲያ? ልቧ የሆነ ነገር ሊነግራት ሲል አልሰማም አለችው። ደክሞት ነው፤ ወደቡ ጋ ያለው ባሕር ሌላ ዓይነት ይሆናል። ሰው ለሚወደው ነገር ምክንያት አያጣለትም።

ቀኑ የመጨረሻቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩ እውነትም ተመልሶ ሲመጣ፣ ሻንጣዋን ከፈተች። ሸሚዙን አወጣች፤ አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ አንገትጌውን በመዳፏ አቃናች። ባሏ ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ ይዞ ሲወጣ ዓይኑ ሸሚዙ ላይ ዐረፈ።

«ወደቡ ከዚህ ቅርብ ነው ብለኸኛል» አለችው። «ታክሲ እንያዝና ሽማግሌውን እንየው። ሳላየው ብመለስ ይቆጨኛል።»

ፎጣው እጁ ላይ ቀረ። «ሰውዬው እኮ...» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ነገር እንደሚነገራት ሰው አልጋው ላይ ቁጭ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ምን ሆነ?»

ሞተ ቢላት ያልቅለት ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ይሞታል። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ነገር ግን ፊቷን አየ፤ ለልቅሶ ተዘጋጅታለች። ሊገድለው አልቻለም። ፎጣውን ወንበር ላይ ጣል አድርጎ፣ በነጠላ ጫማው፣ በካኔቴራው እንዳለ፣ ምንም ሳይል ወጣ።

ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወደ ቢጫነት ሲያደላ፣ የድሮው ሰዓት ሲደርስ፣ ስልኳ ጠራ። እሱ ነው።

«የኔ እመቤት።»

በስንት ጊዜዋ ሰማችው! ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «የት ነህ?»

«ባሕሩ ዳር ነኝ። በረንዳው ላይ ብትወጪ ታይኛለሽ፤ ግን አትውጪ። ካየሽኝ መናገር አልችልም።»

ወጣች እንጂ ምን ታደርጋለች። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ውኃው እግሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆሟል።

«ሰውዬው የለም» አለ።

«ሞተ?»

«አልሞተም። አልተወለደም።»

«ውሻውስ?» አለች።

«ውሻውም።»

ከሁሉ ይልቅ የውሻው ነገር ነደዳት። ውኃ የሚፈራ አንድ ዓይና ውሻ፣ ስንት ጊዜ አዝናለታለች!

«ወደብ ሲባል ባሕር ይመስልሻል» አለ። «እኔ ያለሁበት አጥር ነው። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተከምሯል፤ ከዚያ በላይ ክሬን፤ ከዚያ በላይ ሰማይ። ወረፋ ይዘሽ ጋቢና ውስጥ ስትጠበሺ ትውያለሽ። መውረድ ክልክል ነው። ጭነሽ በገባሽበት ትወጫለሽ። ባሕሩ ከአጥሩ ማዶ ነበር፤ ሽታውን ነው የማውቀው። ያየሁት ትናንት ነው፤ ካንቺ ጋር።»

«ታዲያ ምን አስዋሸህ?»

«መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ፋርማሲው ጋ ደወልኩልሽ። ‹ባሕሩ እንዴት ነው?› አልሽኝ። ድምፅሽ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር። እኔ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ‹አላየሁትም፣ ርቦኛል› ልበልሽ? ሰማያዊ ነው አልኩሽ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ።»

«ዝሆኗስ?»

«ዝሆኗ እውነት ናት። በልጄ እምልልሻለሁ፣ ዝሆኗ እውነት ናት። ቀጭኔዋ እንኳ...» ትንሽ አሰበ። «ቀጭኔዋ ሩቅ ነበረች።»

ተናደደች። ፊቷ ጋለ። ሸሚዙን ለመስፋት ያመሸችባቸው ሰዓታት፣ ሁለቱ ኪሶች፣ ማንጎራጎሯ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። «ያንን ሸሚዝስ ምን አደረግኸው?» አለች።

«ለበስኩታ። ልኩን ስትጠይቂኝ የማንን ልስጥሽ? ጋቢና ውስጥ ራሴን በሲባጎ ለካሁ። ስትልኪው ለበስኩት። ቤት ልደርስ ስል አወልቅና ከመቀመጫው ሥር እከተዋለሁ። ክርኑ እስኪያልቅ ለበስኩት።» ከታች አሸዋውን በእግሩ ጫር ጫር አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? አሳምረሽ ነበር የሰፋሽው። ለእኔ እንደዚያ ሰፍተሽልኝ አታውቂም። በሰውዬው ቀንቻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። እንዳትስቅ ታግላ ነበር። ያኔ ልኩን ስትቆርጥ ትከሻው ልክ እንደ ባሏ ትከሻ መሆኑን አይታ «አቤት መመሳሰል!» ብላ ማለፏ ትዝ አላት። ሜትሩ ነግሯት ነበር፤ አልሰማችውም።

«ለአለቃ እሺ ልለው ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳቋ ጠፋ። «ለምን? ቤቱ አስጠላህ?»

«ቤቱማ...» ከላይ ሆና ትከሻው ሲወርድ አየችው። «አንቺ የምትወጂው ስልኩ ላይ ያለውን ሰውዬ ነው። ቤት የመጣው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚቀመጠው ነው። እኔም አውቀዋለሁ፤ አሰልቺ ነው። ወንበር ያደረግሽለት ሰው እሱ እንዳልሆነ መጀመሪያ ቀን ነው የገባኝ። መንገድ ላይ ከሆንኩ ቢያንስ ያኛውን አላሳጣሽም ብዬ ነው።»

ለካ እሱም ሲያስብ የነበረው እሷን ነው፤ የምታሰበውስ እሷው ነበረች። የበረንዳውን ብረት ያዘች።

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አለች። «ስትደውል ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሲንጫጫ ትሰማ የለ?»

«ጎረቤቶችሽ፣ አዎ። የሚስቁት ሴቶች።»

«ሬድዮ ነው።»

«ምን?»

«ስልኩ ሲጠራ ሬድዮውን ከፍ አደርገዋለሁ። ብቻዋን ናት ብለህ መሪው ላይ ሐሳብህ እንዳይበታተን ብዬ። ማንም አልነበረም። ልጃችን ቤት ለቅቃ ከሄደች በኋላማ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም።»

«ያቺ ድምፀ ወፍራሟስ?»

«ሬድዮ ነው አልኩህ እኮ።»

«ሰላም በይልኝ እል ነበር እኮ!»

«አደርስልህ ነበር» አለች።

ከታች ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያለቀሰ መሰላት፤ ስልኩ ውስጥ ግን ሳቁ መጣ፤ ያ የድሮ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሲስቁ ሲስቁ የማን ሳቅ የቱ ጋ ወደ ልቅሶ እንደዞረ አልታወቀም። ብቸኝነቷን አሁን ገና ለሰው መናገሯ ነበር፤ እሱም ርሃቡን።

«እንዳትዘጋው» አለችው። ሸሚዙን ከአልጋው ላይ አነሳች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ደረጃውን ወረደች፤ ጥበቃውን ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም ብላ አለፈች፤ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ወጣች። እሱ ጀርባውን እንደሰጠ ያወራል። ስለ ወደቡ እውነተኛውን እየነገራት ነው፤ ስለ ወረፋው፤ ጋቢናው ውስጥ ሲሞቀው ካልሲውን በውኃ ነክሮ አንገቱ ላይ ስለሚያደርገው። ከዓሣ አጥማጁ ወሬ የሚያንስ አልነበረም። እየቀረበች ስትሄድ ድምፁን ሁለቴ ትሰማው ጀመር፤ አንዴ ከአፉ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ደግሞ ከስልኩ።

ከኋላው ስትቆም ዞረ። ቃሉ አፉ ላይ ሊደርቅ ሲል አየችው፤ ፊት ለፊት የሚመጣበት ያ ዝምታ እየመጣ ነው። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ በስልኩ ውስጥ፣ «ቀጥል፣ ካልሲው እንዴት ሆነ?» አለችው።

ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰና፣ በስልኩ ውስጥ፣ «ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል» አለ።

«ይህን ልበስ። ለአንተ ነው የሰፋሁት።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ስልኩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ ከጆሮው ሳያርቀው፣ ካኔቴራው ላይ ደረበው። በአንድ እጇ ቁልፎቹን ቆለፈችለት። ትከሻው ላይ ልክክ አለ፤ ከወገቡ ግን ጠበብ ብሏል፤ ሰውዬው ያኔ ከተለካ ወዲህ ወፍሯል። «ቤት ስንደርስ ወገቡን ሰፋ አደርገዋለሁ» አለች። «ወንበሩ ካልተመቸህ ደግሞ ጓሮ ቁጭ ብለህ ደውልልኝ። ከማድ ቤት ደውል። ከፈለግህ ከአልጋ ላይ ደውል። አነሳለሁ።»

ሾፌሩ ሊመልስላት ሲል ስልኩ ሌላ ጥሪ ገብቶበት ጆሮው ውስጥ ጢጥ ጢጥ አለ። ከጆሮው አንስቶ አየው።

«አለቃ ነው» አለ።

«አንሳዋ» አለች።

የእሷን መስመር ሳይዘጋ አነሳው። «አቤት አለቃ... ደህና ነን... አዎ፣ አይተነዋል፤ ባሕሩም አለ። አይ፣ አልመጣም። መስመሩን ለሌላ ሰው ስጠው።» ከወዲያ በኩል የጎልማሳው ድምፅ ሲንጫጫ ይሰማል፤ ለምን፣ ምን ጎደለ፣ እስቲ ትንሽ እናውራበት እያለ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው፤ ባዶውን መስመር እየሰማች፣ አልዘጋችውም። ባሏ አያት።

«አሁን አይመቸኝም» አለ። «ከባለቤቴ ጋር ስልክ ላይ ነኝ።»